የደጋ መንገድና የመኪና አስተማማኝነት፤ ስለ ድቅል ፒክ አፕ



አንድ ተሽከርካሪ አስተማማኝ ነው ሲባል ምን ማለት ነው? ለፋብሪካው ትርጉሙ በዋስትናው ዘመን ውስጥ የሚደርሰው ብልሽት ጥቂት መሆኑ ነው። ከፋርጣ ድንች ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ለሚወርድ ባለንብረት ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ይኸውም መኪናው በተበላሸ ጊዜ በስንት ቀን፣ በማን እጅና በምን መለዋወጫ ተጠግኖ ወደ ሥራው ይመለሳል የሚለው ነው። የዛሬው ንግግር በእነዚህ ሁለት ትርጉሞች መካከል ስላለው ርቀት ነው።

እንደሚታወቀው በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ በይፋ ተገልጿል። ከዚህም የተነሣ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ድቅል፣ ማለትም ቤንዚንና ኤሌክትሪክን አጣምሮ ስለሚሠራው ተሽከርካሪ መጠየቁ አልቀረም። በደብረ ታቦር የአንድ ፒክ አፕ ዋጋ የአንድ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ጥሪት ሊሆን ስለሚችል ጥያቄው በግምት የሚመለስ አይደለም።

አስቀድሞ አገሩን መመልከት ያስፈልጋል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ከበስተጀርባዋ ያለው የጉና ተራራ ከ4000 ሜትር ያልፋል። በከተማይቱ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 72 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ውሃም በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ጎማ ያረጀ እንደሆነ ግፊቱን መያዝ ስለሚሳነው ሞተሩ ዳገት ላይ ውሃ ያፈላል። ባለንብረቱ «ሞተሩ ደከመ» ብሎ ሊያስፈታው ሲነሣ ጥፋቱ ያለው በክዳኑና በአየሩ ነው። ቱርቦ ያለው የናፍታ ሞተር ከጎደለው አየር አብዛኛውን ያካክሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም።

ስለ ትንሹ ድቅል ፒክ አፕ ሲነሣ እንደ ምሳሌ የሚጠቀሰው በ2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው ፎርድ ማቨሪክ ነው። 2.5 ሊትር የቤንዚን ሞተርና አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር ተዳምረው 191 የፈረስ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ባትሪው የሚይዘው 1.1 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህ መኪና እንደ ማኑዋል መኪና የሚበላ የፍሪሲዮን ሸራ የለውም፤ ለብቻው የቆመ ሞተሪኖና ዲናሞም የለውም። የሌለ ዕቃ አይሰበርም። ፍሬኑም ከሥራው ከፊሉን ለኤሌክትሪክ ሞተሩ ስለሚለቅ ሸራው ረዥም ጊዜ ያገለግላል። ባለንብረቶቹ ከሁሉ አስቀድመው የሚያመሰግኑት የነዳጅ ቁጠባውን ነው።

ሆኖም በ2022 እ.ኤ.አ. አምራቹ ይህንኑ የድቅል ሞተር የሚጋሩ ሦስት ዓይነት ሞዴሎችን፣ በጠቅላላው ከ100,000 በላይ መኪናዎችን ለእርማት ጠርቷል። ምክንያቱ የቤንዚን ሞተሩ አካል ቢሰነጠቅ የሚፈሰው ዘይትና የነዳጅ ትነት እሳት ሊያስነሣ ይችላል የሚል ነበር። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ ሰው ሁሉ የሚፈራው ባትሪውን ሲሆን የተጠራው ጉድለት የተገኘው መቶ ዓመት በተለማመድነው በቤንዚን ሞተሩ በኩል ነው። ሁለተኛ፣ የእርማት ጥሪ የሚሠራው የባለንብረቱ አድራሻ በሚታወቅበትና ወኪል ባለበት አገር ነው። መኪናው ከእጅ ወደ እጅ ተሻግሮ ደብረ ታቦር ቢደርስ ደብዳቤው ተከትሎት አይመጣም። በወረቀት ላይ አስተማማኝ የሆነው መኪና በዚህ ጊዜ አደጋውን ተሸክሞ ይጓዛል።

ቁልቁለቱም ሌላ ፈተና ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ታቦር የሚጓዝ መኪና በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 1000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። ከዚህ ሢሶው በጎማና በአየር ሰበቃ ጠፋ ቢባል እንኳ የቀረው የዚያን ባትሪ አቅም ከሦስት ጊዜ በላይ ያጥፋል። ስለዚህ ባትሪው ገና ከመንገዱ አጋማሽ ሳይደረስ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ መኪናውን የሚይዘው ሞተሩና ፍሬኑ ብቻ ነው። ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ የሚለው የቀድሞ ሾፌሮች ምክር በአዲሱ መኪናም አልተሻረም።

ጭነቱንም መመዘን ይገባል። ፋብሪካው የፈቀደው 680 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ሾፌሩ ከዚሁ ሲቀነስ ለዕቃ የሚተርፈው ስድስት ኩንታል ያህል ነው። በገበያ ቀን ስድስት ኩንታል ጭኖ የሚቆም ባለ ፒክ አፕ ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። ከዚህም በላይ የመጀመሪያዎቹ ድቅል ማቨሪኮች በፊት እግራቸው ብቻ የሚነዱ ነበሩ፤ በአራቱም እግር የሚነዳው የመጣው በ2025 ሞዴል ነው። የተጫነ መኪና ዳገት ሲወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ፣ በክረምት ጭቃ ላይ የፊት ጎማዎቹ መሬት መቆንጠጥ ያቅታቸዋል።

ለዚህ አካባቢ መሣሪያና መንገድ የማይነጣጠሉ መሆናቸው አዲስ ነገር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዝ ሠራዊቱ ከፊት ከፊቱ መንገድ እየጠረገ ወራት ወስዶበታል። መድፉን ማቅለጥ የሥራው እኩሌታ ብቻ ነበር።

ለድቅል መኪናም የሚጠረገው መንገድ ዕውቀት ነው። የደጋው መካኒክ ካምቢዮንና ባሌስትራን በጆሮውና በእጁ ያውቃል። ከ200 ቮልት በላይ የሚሸከመው ብርቱካናማ ገመድ ግን በልምድ የሚደፈር አይደለም፤ ኃይሉ ሳይቋረጥ የነካው ሰው ለሁለተኛ ጊዜ የመማር ዕድል ላያገኝ ይችላል።

ስለዚህ ከባለሙያ ማኅበር ሦስት ነገሮች ይጠበቃሉ። አንደኛ፣ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የመኪናውን የሻሲ ቁጥር ከእርማት ጥሪዎች ጋር የሚያስተያይበት አገልግሎት ማቋቋም፤ ሁለተኛ፣ በየከተማው ቢያንስ ሁለት መካኒኮችን በከፍተኛ ቮልት ጥንቃቄ ማሠልጠን፤ ሦስተኛ፣ ባለንብረቶች ብልሽቱን፣ የቆመበትን ቀንና ወጪውን የሚጽፉበት መዝገብ ማዘጋጀት ነው። የደጋው አስተማማኝነት የሚለካው ከውጭ በመጣ ጽሑፍ ሳይሆን በዚህ መዝገብ ነው።

እስከዚያው ድረስ ሥራው በወረታና በደብረ ታቦር አስፋልት ላይ ለሆነና ጭነቱ ቀላል ለሆነ ሰው ድቅሉ መኪና ነዳጅ ቆጣቢ አገልጋይ ሊሆነው ይችላል። ወደ ጉና ግርጌ በክረምት ጭነት ለሚያመላልስ ግን በእጁ ያለውን ባለ ቱርቦ ናፍታ ደብል ጋቢና በሚገባ እያስጠገነ መያዙ ይሻለዋል። ይህ ፍርድ የዘላለም አይደለም፤ የሠለጠነ መካኒክና መለዋወጫ ደብረ ታቦር በደረሱ ማግስት ሊለወጥ ይገባዋል።