ኢንሱሊን ያለቀ ዕለት

ዛሬ የምናነበው ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። ቃሉ ረዘም ይላል፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ነገሩ ግን ከዕድር አይርቅም። ሁሉም ያዋጣል፣ የታመመ ይታከምበታል።

በአገራችን ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ዛሬ በብዙ ወረዳዎች አለ። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንዴ ይከፍላሉ፤ ቤተሰቡ ይታከማል። እጅግ ለተቸገረ ድሃ መንግሥት ይከፍልለታል። መልካም ነው። ግን ጤና ጣቢያው መድኃኒቱ ቢያልቅበትስ?

አንዳንዱ በሽታ ሁለት ሦስት ቀን ይታገሣል። ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ግን ጊዜ የለውም። ነገሩ እንዲህ ነው። የበላነው ምግብ ስኳር ሆኖ ደማችን ውስጥ ይገባል። ቆሽታችን ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ኢንሱሊኑም ስኳሩን ከደም ወደ ሰውነታችን ያስገባዋል። ቆሽቱ ማመንጨት ያቆመበት ልጅ በየቀኑ መወጋት አለበት። ካልተወጋ ውሃ ይጠማዋል፣ ሽንት ይመላለስበታል፣ ያስመልሰዋል፣ በኃይል ይተነፍሳል፣ ራሱን ይስታል። በጥቂት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። በ1914 ዓ.ም. ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለታማሚ ከመሰጠቱ በፊት የእነዚህ ልጆች ዕጣ ይኸው ነበር።

እንግዲህ «አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» ሲባል አስቡት። የዓመቱን መዋጮ የከፈለች እናት ዶሮዋን ሸጣ ኢንሱሊን ከገዛች፣ መድኑ ምኑ ላይ ነው?

ችግሩ የእኛ ብቻ አይምሰላችሁ። በሀብታሟ አሜሪካም አለ። በሚኒሶታ ግዛት አንድ ወጣት በእናቱ መድን ይታከም ነበር። 26 ዓመት ሲሞላው ከመድኑ ወጣ። ኢንሱሊን መግዛት አቃተው። በ2017 እ.ኤ.አ. ሞተ። እናቱ ዝም አላለችም፤ ደጅ ጠናች፣ ተከራከረች። በ2020 እ.ኤ.አ. ግዛቱ በልጇ ስም የሚጠራ ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት መድኃኒቱ ሊያልቅበት የደረሰ ችግረኛ የ30 ቀን ኢንሱሊን ከመድኃኒት ቤት ይወስዳል። የሚከፍለው ቢበዛ 35 ዶላር ነው።

እኛም ይህን መጠየቅ አለብን እላለሁ። ጤና ጣቢያው ሲያልቅበት መድኑ ከሌላ መድኃኒት ቤት ይግዛ፤ ያውም በዚያው ዕለት። ራሱን ስቶ ሆስፒታል የገባን ልጅ ማከም ለመድኑም ቢሆን ብዙ ያስወጣል።

እናንተስ? ብልቃጡ ሳያልቅ፣ ሳምንት ሲቀረው ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። መድኃኒቱ ከሌለ ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ ይጻፍ፣ ቀንና ማኅተም ይኑርበት። አሁን ማንበብ ስለምትችሉ ራሳችሁ አንብባችሁ ተቀበሉ። የገዛችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ። ሁለቱንም ይዛችሁ የወረዳውን መድን ጽሕፈት ቤት «ገንዘቡን ትመልሳላችሁ ወይ?» በሉ። «አይ፣ ደንቡ አይፈቅድም» ካሏችሁ፣ የመድኑ ጉዳይ በቀበሌ ስብሰባ ሲነሳ እጃችሁን አውጡና ደንቡ እንዲነበብላችሁ ጠይቁ።