እስስትና ቁጥቋጦዋ
(ለተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



በክርክር መካከል ሐሳቡን የለወጠውን ሰው «እስስት» ብሎ መስደብ ልማዳችን ነው። ዛሬ ስሟ ለስድብ ስለዋለው ፍጥረት ጥቂት እንድናገር ፈቃዳችሁ ይሁን።

በደጋውና በወይና ደጋው የምትኖረው ትንሽ እስስት በሳይንስ ስሟ ትሪዮሴሮስ አፊኒስ ትባላለች። በዓለም ላይ መኖሪያዋ የኢትዮጵያና የኤርትራ ከፍተኛ ቦታ ብቻ ነው። ርዝመቷ ከነጅራቷ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ እስከ ጎንደር የዘለቀው ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1845 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ዓለም አስታወቃት። የወገኗ ስም «ባለ ሦስት ቀንድ» ማለት ሲሆን፣ የእኛዋ ግን አንድም ቀንድ የላትም። ሥራውም አላለቀም፤ ከባሌ ተራሮች አንዲት ሌላ የእስስት ዘር ገና በ2021 እ.ኤ.አ. ተገልጻለች።

ብዙ ሰው እስስት የተቀመጠችበትን ነገር ሁሉ ትመስላለች ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። ቀለሟን የሚለውጡት ሙቀትና ብርድ፣ ብርሃን፣ ፍርሃትና ቁጣ ናቸው። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2015 እ.ኤ.አ. በአንዲት የማዳጋስካር እስስት ላይ እንዳሳዩት፣ በቆዳዋ ሕዋሳት ውስጥ ያሉት እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች ሲቀራረቡና ሲራራቁ የሚመልሱት ብርሃን ይለወጣል። እንግዲህ ቀለሟ ስሜቷን ይገልጣል እንጂ አቋሟን አይሸጥም፤ ስድባችን ያላግባብ ነው። መርዝም የላትም፤ በድንጋይ የሚወግሯት ልጆች ይህን ሊነገራቸው ይገባል።

ጣቶቿ እንደ ጉጠት በሁለት ወገን ተከፍለው ቀንበጥ ይጨብጣሉ፤ ዓይኖቿ እየብቻቸው ይዞራሉ፤ ምላሷ ተወንጭፎ ነፍሳትን ይይዛል። ይህ ሁሉ ለቅርንጫፍ ኑሮ የተሰጠ ነው፤ በሜዳ ላይ ግን ሩጫ አታውቅም። ቁጥቋጦ ሲቃጠል ወፍ በክንፉ፣ ጥንቸል በእግሯ ታመልጣለች፤ እስስት ከቅርንጫፉ ጋር ትቀራለች።

ጉዳዩ እኛን የሚነካን እዚህ ላይ ነው። ከመርሳ ተነሥቶ በሲሪንቃ በኩል ወደ ወልዲያ የሚወጣ ሰው አጋሙንና ክትክታውን እንደ ከንቱ ነገር ያልፈዋል። ደን ስንል ረጃጅም ዛፍ ብቻ ይታየናል። ገበሬው ማገዶና ማሳ እንደሚያስፈልገው አልክድም፤ የሀብሩን ገበሬ «አትቁረጥ» ብሎ መምከር ለደመወዝተኛ ቀላል ነው። ነገር ግን የማሳ ዳር አጥርን በአንድ ጊዜ ከመመንጠር በየተራ መቁረጥ፣ የገደሉን አፋፍና የቤተ ክርስቲያኑን አጸድ፣ የመስጊዱንም ዙሪያ ቁጥቋጦ መተው ለማንም ኪሳራ አይሆንም። ያው ቁጥቋጦ አፈሩንም ከጎርፍ ይይዛል።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ እስስት ያየንበትን ቦታ፣ ቀኑንና የተቀመጠችበትን ዛፍ እንመዝግብ፤ እርሷን ግን ሳንነካ እንለፍ። ሩፔል ከሩቅ አገር መጥቶ የጻፈውን፣ የአገሩ ልጅ ከደጃፉ ተነሥቶ ሊቀጥለው ይገባል።