ሜዳ ያጣ ክለብ፤ የሄይቲው ቪዮሌት ታሪክ



አንድ ማኅበር ቤቱን፣ ሜዳውንና ተመልካቹን ቢያጣ ሕልውናው በምን ይታወቃል? ይህ ጥያቄ ለቪዮሌት አትሌቲክ ክለብ የቃላት ክርክር ሳይሆን በኑሮ የመጣ ፈተና ነው።

ቪዮሌት በ1918 እ.ኤ.አ. በፖርት ኦ ፕሬንስ ተመሠረተ። ሄይቲ ከ1915 እስከ 1934 በአሜሪካ ጦር ቁጥጥር ሥር ስለነበረች፣ ክለቡ የተወለደው አገሪቱ ነፃነቷን በተነፈገችበት ዘመን ነው። በ1923 ራሲንግ ክለብ ሲቋቋም ዋናዪቱ ከተማ ሁለት ታላላቅ ተቀናቃኞችን አገኘች። ይጋጠሙበት የነበረውም ስታዲየም የተሰየመው በሲልቪዮ ካቶር ነው፤ ይኸውም በ1928 በአምስተርዳም ኦሊምፒክ በርዝመት ዝላይ የብር ሜዳይ ያገኘ፣ ለራሲንግም ኳስ የተጫወተ ስፖርተኛ ነበር።

በ1974 የዓለም ዋንጫ ኢማኑኤል ሳኖን በኢጣልያ ላይ ግብ ሲያስቆጥርና በረኛው ዲኖ ዞፍ ለ1,142 ደቂቃ ሳይደፈር የቆየበትን ክብረ ወሰን ሲያቋርጥ፣ ኳሷን ያቀበለው የቪዮሌቱ ፊሊፕ ቮርብ ነበር።

በ1984 ክለቡ የኮንካካፍ ሻምፒዮን ሆነ። ሆኖም የፍጻሜው ግጥሚያ አልተካሄደም፤ ከወዲያ ወገን የነበሩት የሜክሲኮና የኒውዮርክ ቡድኖች በጨዋታ ቀን ባለመስማማታቸው ተሰርዘው፣ ዋንጫው ለቪዮሌት ተሰጠ። ሳይጋጠሙ የተገኘ ማዕረግ ሁልጊዜ ጥያቄ ይከተለዋል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የተሰጠው ከ39 ዓመት በኋላ ነው። ቪዮሌት በ2022 የካሪቢያን ክለቦች ሻምፒዮን ቢሆንም፣ የአገሩ ሊግ በፀጥታ መጥፋት ምክንያት ስለተቋረጠ ተጫዋቾቹ ለብዙ ወራት ይፋዊ ግጥሚያ ሳያደርጉ ቆዩ። በመጋቢት 2023 የአሜሪካውን ኦስቲንን ሲገጥሙ «በሜዳቸው» የተባለው ጨዋታ የተደረገው በጎረቤት ዶሚኒካን ሪፑብሊክ ነበር። እዚያም 3 ለ0 አሸነፉ። ለመልሱ ጨዋታ ከተጫዋቾቹ አንዳንዶቹ ቪዛ ሳያገኙ ቀሩ፤ ቡድኑም 2 ለ0 ተሸንፎ በድምር ውጤት 3 ለ2 አለፈ። በሚቀጥለው ዙር የሜክሲኮው ሊዮን አሰናበተው።

ድሉ የአገሪቱን ችግር አላቃለለም። በ2024 ታጣቂዎች የሲልቪዮ ካቶርን ስታዲየም ወረሩት። ስለዚህ የቪዮሌትን ታሪክ የጽናት ተረት ብቻ አድርጎ መናገር ስሕተት ይሆናል፤ ክለብ ያለ ሜዳ ለጥቂት ጊዜ መቆም ይችላል፤ ያለ ታዳጊዎች ግን አይቀጥልም፤ ታዳጊም የሚፈልቀው ልጅ ያለ ስጋት ኳስ ከሚያንከባልልበት ሰፈር ነው።

በመግቢያው ለተነሣው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። በ1984 ዋንጫ ነበር፣ ግጥሚያ ግን አልነበረም፤ በ2023 ግጥሚያ ነበር፣ ዋንጫ ግን አልነበረም። ክለቡ ማን መሆኑ ይበልጥ የታወቀው በሁለተኛው ነው። የማኅበር ሕልውና በመደርደሪያው ላይ በተቀመጠው ሽልማት ሳይሆን፣ ሁሉም ነገር በጎደለበት ቀን በስሙ ለመሰለፍ በሚመጡት ሰዎች ይለካል። እነዚህ ሰዎች የሚመለሱበትን ሜዳ ማግኘት ግን የክለቡ ብቻ ሳይሆን የአገር ዕዳ ነው።