የብየዳ ብርሃንና የዓይናችን ጤንነት

በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



ከተማችን ድሬዳዋ የባቡር ሐዲድ ልጅ ናት። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ከዚህ በደረሰ ጊዜ ተቆረቆረች፤ በከዚራ የተሠራው የባቡር መጠገኛም ለብዙ ዘመን የብረት ሥራ መማሪያ ሆኖ ኖሯል። ዛሬም በመጋላም ሆነ በሳቢያን ወጣቶች ከመንገድ ዳር በርና መስኮት ይበይዳሉ። እኔም የምናገረው ከዚያ ሥራ ስለሚወጣው ብርሃን ነው።

በኤሌክትሪክ ብየዳ ጊዜ ከሚታየው ብርሃን ጋር ሁለት የማይታዩ ጨረሮች ይወጣሉ፤ እነርሱም አልትራቫዮሌትና ኢንፍራሬድ ይባላሉ። አልትራቫዮሌት የዓይንን የፊት ሽፋን ያቃጥላል። ሰውን የሚያሳስተው ግን ሕመሙ ወዲያው አለመሰማቱ ነው። ቀን ብርሃኑን ያየ ሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት፣ አሸዋ የገባበት ያህል ዓይኑን ይቆረቁረዋል፤ እንባው ይፈስሳል፤ መብራት ማየት ይሳነዋል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ስለሚሽር ብዙዎች ይንቁታል። ነገር ግን ኀይለኛ ብርሃን እስከ ዓይን ውስጠኛ ክፍል ዘልቆ የማይሽር ጉዳት ሊያደርስ ይችላል፤ ለዓመታት የተደጋገመ ጨረርም ለዓይን ሞራ ሊያጋልጥ ይችላል።

«ጥቁር መነጽር አድርጌአለሁ» የሚል ይኖር ይሆናል። የፀሐይ መነጽር ለዚህ ሥራ አይበቃም። የሚያስፈልገው ፊትን ሁሉ የሚሸፍን የብየዳ ጭንብል ነው፤ የመስተዋቱም የጥቁረት ቁጥር ለኤሌክትሪክ ብየዳ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 13 ነው።

ደግሞም ጉዳቱ የበያጁ ብቻ አይደለም። ብረቱን የሚይዝለት ረዳትና ቆሞ የሚመለከት ሕፃንም ይጎዳሉ። ስለዚህ የሥራው ባለቤቶች ለረዳቱም ጭንብል ይስጡ፤ ብልጭታው ወደ መንገድ እንዳይወጣ መጋረጃ ያድርጉ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ለዚህ ሙያ ስትሰጡ ከደመወዙ አስቀድማችሁ ስለ ጭንብሉ ጠይቁ። እኛም ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ስንመለስ ፊታችንን መልሰን እንለፍ። ዓይኑን የታመመ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ እንጂ የሚያደነዝዝ ጠብታ ራሱ ገዝቶ አይጨምር፤ ጠብታው ሲደጋገም የቆሰለው ዓይን እንዳይድን ያደርጋልና።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የብረት ሥራ በከተማችን እንዲስፋፋ እመኛለሁ፤ ሠራተኛውም እጁ የሠራውን በዓይኑ አይቶ ደስ እንዲለው እመኛለሁ።