ከምሰሶው በፊት ወረቀቱ



እኛ ከዩኒቨርሲቲ ተመድበን የመጣን ተማሪዎች ዛሬ ስለ ጓሮ ቤት እንነጋገራለን። ፊደል ቆጥራችኋል፤ ስማችሁንም መጻፍ ችላችኋል። አሁን ደግሞ ንባብ ለኑሮ እንዴት እንደሚጠቅም አብረን እንይ።

በከተሞቻችን ከዋናው ቤት ጀርባ ማድ ቤት፣ ዕቃ ቤት ወይም ሰርቪስ የምንለው ክፍል ያለበት ግቢ ብዙ ነው። ልጅ ሲያገባ ጎጆ መውጫ ይሆናል። ሲከራይ ደግሞ ጡረታ ላይ ያለን ሰው ይደጉማል። ታዲያ እንዴት ነው የሚሠራው? ዕቁብ ሲወጣ እንጨትና ቆርቆሮ ይገዛል፤ አናጢ ይጠራል፤ ምሰሶ ይተከላል። ፈቃድስ ሲባል፣ «በገዛ ግቢዬ ማን ይጠይቀኛል?» ይባላል።

ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ የመንግሥት አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ በከተማ ውስጥ ያለ ፈቃድ መገንባትን ከለከለ። ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ ሲመድብ፣ ፎቅ የሌለውን ትንሽ ቤት በ«ሀ» ውስጥ አስገባው። ስለዚህ «ትንሽ ናት፣ አትቆጠርም» ማለት አያዋጣም።

ደንቡ ለምን አስፈለገ? ማድ ቤቱ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ እሳት ቢነሣ ሁለት ቤት ይበላል። የቆርቆሮው ውኃ ወደ ጎረቤት ከወረደ የጭቃው ምርግ ይረግፋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ባለቤቱ ከመልካም ጉርብትና ባለፈ በጭስ፣ በጥቀርሻ፣ በመጥፎ ሽታና በጩኸት ጎረቤቱን እንዳያውክ ያዛል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው። መጀመሪያ ካርታችሁን አንብቡ፤ የቦታው ስፋት ስንት ካሬ ሜትር ነው? ወሰኑስ እስከ የት ነው? ቀጥሎ የምትሠሩትን ክፍል ንድፍ አስነሥታችሁ ፈቃድ ወደሚሰጠው የከተማው መሥሪያ ቤት ሂዱ። ከአጥሩ ምን ያህል መራቅ እንዳለበትና ሽንት ቤቱ የት እንደሚቆፈር ጠይቁ። መልሱ ከከተማ ከተማ ሊለያይ ይችላልና የሌላውን ከተማ ሰው ወሬ አትያዙ። ፈቃዱ ሲሰጣችሁም ስማችሁን፣ የቤት ቁጥሩን፣ የተፈቀደውን ሥራ፣ ቀኑንና ማኅተሙን አይታችሁ ተቀበሉ።

አንዳንዱ «ግድ የለም፣ ሥራው» ይላችሁ ይሆናል። ያ ሰው ነገ ከቦታው ቢነሣ ቃሉ አብሮት ይሄዳል። አፍራሽ ግብረ ኃይል በር ላይ ሲቆም «እገሌ ፈቅዶልኝ ነበር» ማለት አያድንም። የሚፈርሰው ጭቃና እንጨት ብቻ አይደለም፤ የስንት ዓመት ዕቁብ ነው፤ የልጅ ማደሪያ ነው። ቢከለክሏችሁም ዝም ብላችሁ አትመለሱ። «ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ» በሉ። ያልተጻፈ ክልከላ ለአቤቱታ አይመችም።

ማንበብ የቻለ ሰው በሌላ ሰው አፍ አይተዳደርም። ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ካርታ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የቦታችሁን ስፋት ራሳችሁ ታነቡልናላችሁ።