ሲጋራ አንዱን ይዞ ሌላውን ለምን ይለቃል?

   ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሲጋራ ነው። "ሲጋራ ይጎዳል" በማለት ጊዜ አናጠፋም፤ ይህንን የማያውቅ የለም።

ሁለት ወንድማማቾችን እናስብ። በስንዴ አጨዳ ወቅት ከኮምባይነር ሠራተኞች ጋር ሲውሉ ሁለቱም ማጨስ ሞከሩ። ታላቁን አቅለሸለሸው፣ ራሱን አዞረው፣ "ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም" ብሎ ጣለው። ታናሹ ግን ዓመት ሳይሞላው በቀን አንድ ፓኮ ይጨርስ ጀመር። ቤተሰቡ ታዲያ ምን ይላል? "ወንድምህ ቆራጥ ነው፤ አንተ ግን ወኔ የለህም!" ይህ ፍርድ ልክ አይደለም። ለምን እንደ ሆነ ለማየት ወደ አንጎል እንግባ።

የአንጎል ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡት በንጥረ ነገር ነው። ከእነዚህ አንዱ አሴቲልኮሊን ይባላል። ስሙ ከከበዳችሁ ተዉት፤ ቁልፍ በሉት። በሕዋሱ ላይ ደግሞ ቁልፉን የሚቀበል ጓጉንቸር አለ፤ ሊቃውንቱ "ተቀባይ" ይሉታል። በትንባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ቁልፉን ስለሚመስል ጓጉንቸሩን ይከፍተዋል። ተመሳስሎ የተሠራ የሌባ ቁልፍ ነው ማለት ነው። በጥቂት ሴኮንድ አንጎል ደርሶ ዶፓሚን የተባለውን፣ "ይህን ነገር ድገመው" የሚያሰኘውን ንጥረ ነገር ያስለቅቃል።

እያንዳንዱ ጓጉንቸር ከአምስት ቁራጮች የተገጣጠመ ነው። ቁራጮቹ እንዴት እንደሚሠሩ የተጻፈው ከእናትና ከአባት በምንወርሰው ዘረ መል፣ ጂን በሚባለው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ማሪና ፒቾቶ፣ የፓሪሱ ፓስተር ተቋም ሊቅ ዣን ፒዬር ሻንዦና ባልደረቦቻቸው "ቤታ ሁለት" የተባለው ቁራጭ የጎደላቸውን አይጦች ፈተኑ። ደኅነኞቹ አይጦች ኒኮቲን ለማግኘት ሲደክሙ እነዚያ ግን ግድ አልነበራቸውም።

ለእኛ ወሬ ዋናው ግን "አልፋ አምስት" የሚባለው ነው። እሱ እንደ መኪና ፍሬን ነው። ኒኮቲን ሲበዛ "በቃ!" እንዲባል ያግዛል። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፣ ይህ ቁራጭ የሌላቸው አይጦች ሌሎቹ የሚሸሹትን ብዙ ኒኮቲን ሳይጠግቡ ወሰዱ። ሀቤኑላ በምትባል ትንሽ የአንጎል ክፍል ውስጥ ጂኑ ሲመለስላቸው ፍሬኑም ተመለሰ። ታላቅ ወንድሙን ያቅለሸለሸው ነገር እንግዲህ ጉብዝና ብቻ ላይሆን ይችላል።

በሰውም ታይቷል። "መጣ" ከሚለው ቃል አንዷን ፊደል ቀይራችሁ "ወጣ" ብትሉ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል አይደል? በአልፋ አምስት ጂን ላይም አንዲት ፊደል ተቀይራ የምትገኝባቸው ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት እነዚህ ሰዎች ማጨስ ከጀመሩ ከሌላው አጫሽ ይበልጥ ያጨሳሉ፤ የሳንባ ነቀርሳም ይበልጥ ያሰጋቸዋል። ይህች ለውጥ በአውሮፓውያን ዘንድ ብዙ፣ በአፍሪካውያን ዘንድ ግን ጥቂት ናት። ስለዚህ የእኛን ታናሽ ወንድም "ይቺ ናት የያዘችህ" አንለውም። ሌሎችም ጂኖች አሉ፤ ኒኮቲንን በጉበት የሚያፈርሰው ጂን እንኳ ከሰው ሰው ይለያያል።

ደግሞስ ጂን ብቻውን ምን ያደርጋል? ትንባሆ ያልቀመሰን ሰው ጓጉንቸሩ ምንም ዓይነት ቢሆን አጫሽ አያደርገውም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገ ጥናት ትንባሆ የሚጠቀሙ ወንዶች ከመቶ 8 ያህል፣ ሴቶች ግን ከመቶ 2 ያህል ነበሩ። ለሴቶቻችን ሌላ ዓይነት ጂን ስለ ተሰጣቸው ነውን? አይደለም፤ ሴት ስታጨስ ነውር ስለሚባል ነው።

"የሳነቴን ብርድ ያባርርልኛል" የሚለውስ? ኒኮቲን የቆዳን የደም ሥር ያጠብባል፤ ጣቶቻችሁን ይበልጥ ያቀዘቅዛቸዋል እንጂ አያሞቃቸውም። በዲንሾ የሚሰማራው የደጋ አጋዘናችን፣ ኒያላ፣ ስሙ ለሲጋራ መሰጠቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። እሱ እንኳ በዚያ ብርድ ሣር በልቶ ነው የሚያድረው! አሁን ማንበብ ችላችኋልና ፓኮውን ተመልከቱ፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ማስጠንቀቂያው ከፊትና ከኋላው 70 በመቶውን መያዝ አለበት። ዕድሜው 21 ላልሞላውም አይሸጥም።

ታናሹ ወንድም "ተውኩ" ያለ ቀን ምን ይሆናል? ለብዙ ጊዜ ያጨሰ ሰው ጓጉንቸሮቹ በቁጥር ይበዛሉ። ቁልፉ ሲቀርባቸው ሁሉም በአንድ ላይ ይጮኻሉ። ይቆጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ሥራ ላይ ሐሳቡ አይሰበሰብም። የመጀመሪያው ሳምንት ከሁሉ ይከፋል፤ ከዚያ በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል፤ የጓጉንቸሮቹም ቁጥር በሦስት ወር ገደማ ካላጨሰ ሰው ጋር ይስተካከላል። እናም በሦስተኛው ቀን ቢጮኽባችሁ አትመልሱለት። ቡና ሲፈላ ከሚያጨሱት ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ሲጋራ ግዛልኝ ብላችሁም ወደ ሱቅ አትላኩት።

በሉ ደኅና ሁኑ።