ከአርባው በኋላ ያለው ቤት

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ ለእድር ጉባኤ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ስለ አንድ ፊልም ነውና። ዕድሜያችንን በጽሕፈት ቤት መዝገብ ስናገላብጥ የኖርን ሰዎች ስለ ፊልም ምን እናውቃለን ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፣ የፊልም ዐዋቂ አይደለንም። ነገር ግን ይህ ፊልም የሚጀምረው ከቀብር ነው። ቀብር ደግሞ የእኛ ሥራ ነው። ስለዚህ እንደ እድርተኛ አይተነዋል፤ የምንናገረውም እንደ እድርተኛ ነው።

ፊልሙ «ፋዘርሁድ» ይባላል፤ አባትነት ማለት ነው። በሰኔ ወር 2013 ዓ.ም. ኔትፍሊክስ በተባለው ድርጅት በኩል የቀረበ የአሜሪካ ፊልም ነው። አዘጋጁ ፖል ዋይትዝ ሲሆን፣ አባትየውን ሆኖ የሚጫወተው ሰው በማሳቅ የታወቀው ኬቪን ሃርት ነው። ነገሩ ከእውነት የተነሣ ነው። ማት ሎጀሊን የተባለ አሜሪካዊ ሚስቱ ሊዝ የመጀመሪያ ልጃቸውን በመጋቢት ወር 2000 ዓ.ም. ወልዳ፣ 27 ሰዓት ያህል ቆይታ ሞተችበት። ልጅቱን ብቻውን ማሳደግ ያዘ። የደረሰበትንም ጽፎ በ2003 ዓ.ም. መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ። ፊልሙ የተወሰደው ከዚሁ መጽሐፍ ነው፤ እርግጥ ለፊልም እንዲመች የተለወጠ ነገር አለው።

ሊዝን የገደላት የረጋ ደም ነው። ይኸውም ብዙውን ጊዜ በእግር ደም ሥር የረጋ ደም ተነቅሎ ሳንባ ውስጥ ገብቶ መተላለፊያውን ሲዘጋው ነው። ከወሊድ በኋላ ይህ አደጋ ከሌላው ጊዜ ይበረታል። ስለዚህ ወላድ ድንገት ትንፋሽ ቢያጥራት፣ ደረቷን ቢወጋት ወይም አንድ እግሯ ቢያብጥ «ምች ነው» ብሎ ማደር አይገባም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ነው። በአገራችን ወላድን በብዛት የሚገድለው ደግሞ የደም መፍሰስ፣ የደም ግፊት፣ የማሕፀን መመረዝና የምጥ መርዘም ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ለሚወለዱ 100,000 ልጆች 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት 412 ሆነ። ከግማሽ በላይ መቀነሱ ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም ከዚህ ቁጥር ኋላ ሕፃን ታቅፈው የቀሩ አባቶች እንዳሉ አንርሳ።

ወደ ፊልሙ እንመለስ። ያየነው አንድ አባላችን ቤት ተሰብስበን፣ ከባሕር ዳር ለእረፍት የመጣ ልጃቸው በላፕቶፕ እያሳየንና እየተረጎመልን ነው። ፊልሙ ያስቃል። አባትየው ሕፃኗን የሽንት ጨርቅ ለመቀየር ሲታገል፣ እንቅልፍ አጥቶ ሲደናበር፣ ሥራ ቦታ ይዟት ሲሄድ ያስቃል። አንድ ቀን ለቅሶዋ አላባራ ቢለው እናቶች ለመመካከር ወደተሰበሰቡበት ቦታ ዘው ብሎ ገብቶ «ምን ላድርግ?» ይላቸዋል። በእኛ አገር አንድ ወንድ ሕፃን አዝሎ አራሶች ተሰብስበው ገንፎ ወደሚበሉበት ቤት ቢገባ እንደ ማለት ነው። እኛም ሳቅን። ነገር ግን ልብ ብሎ ላየው፣ ያ ሰው ያሳቀን ስላላፈረ ነው። የማያውቀውን ነገር ከሚያውቁት ዘንድ ሄዶ ጠየቀ። ከእኛ ወንዶች ስንቱ ይህን ይደፍራል?

የሚያሳዝነው ክፍል ደግሞ ከቀብሩ በኋላ ያለው ነው። የሁለቱም ወገን እናቶች ቤቱ ገብተው ለጊዜው ያግዛሉ። አማቱ ማሪያን ግን ሕፃኗ ከእሳቸው ጋር ወደ አገራቸው ወደ ሚኒሶታ እንድትሄድ ይፈልጋሉ፤ ይህ ሰው ብቻውን ሕፃን ማሳደግ ይችላል ብለው አያምኑም። እኝህን አማት የምትጫወተው አልፍሬ ዉዳርድ ናት። እሳቸውም ክፉ ሰው አይደሉም፤ ልጃቸውን የቀበሩ እናት ናቸው። የልጃቸው ምትክ ያቺ ሕፃን ብቻ ናት። እሱ ደግሞ አባት ነው፤ ለእሱም የሚስቱ ምትክ ያቺው ናት። ሁለቱም እውነት አላቸው። ልጅቱ አድጋ ትምህርት ቤት ከገባችም በኋላ ጭቅጭቁ አያልቅም፤ አባትየውም በአንድ ወቅት ልቡ ዝሎ ልጁን አያቶቿ ዘንድ ይተዋታል። ግን አልሆነለትም፤ ተመልሶ ይሄዳል፤ አባትና ልጅ እንደገና አንድ ይሆናሉ።

ከእኛው አገር ፊልም ደግሞ ያሬድ ዘለቀ የሠራውን «ላምብ» የተባለውን ማንሣት ይቻላል። «በግ» ማለት ነው። በ2007 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በካን የፊልም በዓል በይፋ ለመታየት የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። በዚያ ውስጥ ኤፍሬም የተባለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናቱ በድርቅ ዘመን ትሞትበታለች። አባቱ አብርሃም ልጁን ዘመድ ቤት አድርሶ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ይሄዳል። ለልጁ የቀረችው ቹኒ የምትባል በጉ ብቻ ናት። ልጁ ወጥ መሥራት ይወዳል፤ አጎቱ ግን ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል ብሎ ይቆጣዋል። ይህ አባትም ልጁን የተወው ስለጠላው አይደለም፤ ችግር አስገድዶት ነው። አሜሪካዊው ልጁን ይዞ ለመቅረት የቻለው ፍቅሩ ስለበለጠ ብቻ አይደለም። ሥራ ነበረው፣ የሚታገሠው አለቃ ነበረው፣ ቤት እየመጡ የሚያግዙት ጓደኞች ነበሩት። እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

በሕጋችን ያለውንም እንይ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156፣ የወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አላት። አባት ሚስቱ ስትወልድ 3 ተከታታይ ቀን፣ ሚስቱ ስትሞት ደግሞ 3 የሥራ ቀን ያገኛል። እናትየው ብትሞትም ሕፃኗ ጡትና እቅፍ የምትፈልገው ያንኑ 90 ቀን ነው። ለገበሬውና ለቀን ሠራተኛው ደግሞ ይህም የለም። በአንጻሩ የቤተሰብ ሕጉ ከወላጆች አንዱ ሲሞት የቀረው ብቻውን የልጁ አሳዳሪና ሞግዚት ነው ይላል። ስለዚህ ሕጉ ልጅቱን ለአባት ይሰጠዋል፤ ጊዜውን ግን አይሰጠውም። ይህን ክፍተት መሙላት የሚችለው ጎረቤት ነው።

እኛ የዘንገና አካባቢ ሰዎች ኀዘን በማክበር አንታማም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን የሚያከብረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ፈረሱን ለደስታ ብቻ አያወጣም፤ ለልቅሶም ያወጣዋል። እድራችንም ጡሩምባው ሲነፋ ድንኳኑን ይተክላል፣ ንፍሮውን ይቀቅላል፣ ከቀስተኛ ጋር ያድራል። ሰልስቱ ያልፋል፣ አርባው ይወጣል፣ ድንኳኑ ይነቀላል። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ማለዳ ተነሥቶ እሳት ማንደድ፣ ልጅቱን ማጠብ፣ ጸጉሯን መሥራት፣ ትምህርት ቤት መላክ አለበት። በልማዳችን ምክሩ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ «ልጅቱን ለአክስቷ ስጥ»፣ ወይ «ቶሎ ሌላ አግባ»። ሁለቱም ለአንዳንዱ ሰው መልካም ሊሆን ይችላል፤ ጥሩ አክስትም፣ ጥሩ የእንጀራ እናትም አለች። ሦስተኛውን ምክር ግን የሚሰጥ ሰው አላየንም፤ «ልጅህን ይዘህ ቅር፣ እኛ እናግዝሃለን» የሚለውን።

ፊልሙን አይተን ስንጨርስ አንዲት እናታችን «ታዲያ እኔ አምስት ልጅ ብቻዬን ሳሳድግ ፊልም የሠራልኝ የታል?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከሳቁ በኋላ ግን ዝም አልን፤ ነገሩ እውነት ነውና። ባል የሞተባት ሴት ይህንኑ ሁሉ ስታደርግ ማንም አያደንቃትም፤ ግዴታዋ ነው ይባላል። ወንድ ሲያደርገው ይደነቃል። ስለዚህ አሁን የምናቀርበው ሐሳብ ለወንድ ብቻ የታሰበ አይደለም፤ ልጅ ይዞ ለቀረ ወላጅ ሁሉ ነው።

ሐሳባችን አራት ነው። አንደኛ፣ ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ኀዘን ሲደርስ፣ አርባው ከወጣ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ቤቱን የሚጎበኙ አንድ ወንድና አንዲት ሴት እድሩ ይመድብ። ገንዘብ ይዘው አይሂዱ፤ «ዛሬ ምን ቸገረህ?» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ ልጅን ወደ ዘመድ የመላክ ነገር ሲነሣ በልቅሶው ሰሞን አይቆረጥ። ኀዘኑ በረድ ይበል፤ አባትየውም፣ የሟች እናትም ይሰሙ፤ ነፍስ ያወቀች ልጅ ከሆነችም እሷው ትጠየቅ። ሦስተኛ፣ ወንዶች እንማር። ልጅ ማጠብ፣ ሽሮ መሥራት፣ ጸጉር ማበጠር የወንድን ክብር አይቀንስም። ልጅቱ ስታድግ የወር አበባ ሲመጣባት ደንግጣ እንዳትደበቅ አባት አስቀድሞ ይወቅ፤ ራሱ ማስረዳት ቢከብደው የምታምናትን ሴት ይጠይቅላት። በዚህ ምክንያት ከትምህርት ቤት የምትቀር ልጅ አትኑር። አራተኛ፣ አባት የሌላቸውን ቤቶችም በዚሁ ዓይን እንይ፤ አጥር የሚያጥር፣ እርሻ የሚያርስ ሰው እንመድብ።

ይህ ሁሉ ከመዋጯችን ላይ ብዙ የሚጨምር አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለም ወይ? የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ስለ ሬሳ ሣጥን፣ ስለ ድንኳንና ስለ መዋጮ በዝርዝር ይናገራል። ሟችን በወግ እንቀብራለን። ሟች ትታው የሄደችውን ሕፃን በሚመለከት ግን አንድ አንቀጽ እንኳ የለውም። የሥራ አመራሩ ይህን ሐሳብ ተመልክቶ ለሚቀጥለው ጉባኤ አንድ አንቀጽ አርቅቆ እንዲያቀርብልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

 እግዚአብሔር የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ የቀሩትን ያሳድግልን።